ከሮቢ ወንዝ እስከ ጣርማበር፦ የቆላ ሯጭ መንገድ

(ጠያቂዋ አምስት ሺህ ሜትር የምትሮጥ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት። መላሹ በወጣትነታቸው ሮጠው፣ ዛሬ የሰፈር ልጆችን በማለዳ የሚያሠለጥኑ አዛውንት ናቸው።)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በስልኬ የማያቸው የውጭ አገር ሯጮች በረዶ ከለበሰ ተራራ ሥር ሐይቅ እየዞሩ ይሮጣሉ። እኛ ያለን ሙቀትና አቧራ ነው። እዚህ ሆኖ ሯጭ መሆን ይቻላል?

መላሽ፦ ሐይቅ አያሮጥም፣ ልጄ። እነዚያ ሐይቅ ዳር ያገኙት ሜዳ፣ ቀዝቃዛ አየርና ከፍታ ነው። ሦስቱም እኛ ጋ አሉ፤ አንድ ቦታ ላይ አለመገኘታቸው ነው ልዩነቱ። ሜዳው ከእግርሽ ሥር ነው። ቅዝቃዜው ማለዳ ነው። ከፍታው ወደ ምዕራብ ቀና ስትዪ የምታዪው ተራራ ላይ ነው። የኛ የይፋት ሯጭ ሥራው ሦስቱን በሰዓትና በቀን ማገናኘት ነው።

ጠያቂ፦ ከሜዳው እንጀምር። የት ልሩጥ?

መላሽ፦ አስፋልቱን ተይው። የደሴ መስመር ስለሆነ የጭነት መኪና አይጠፋበትም፤ ለጉልበትም ጠንካራ ነው። ከከተማው ወጣ ብለሽ በሽንኩርቱና በማሾው ማሳ መሃል የሚያልፈውን የጋሪ መንገድ ያዢ። አፈሩ ይለሰልሳል፣ ዳገት የለውም፣ ለረጅም ቀላል ሩጫ ይመቻል። ቦዩን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ ጠባብ ነው፤ እዚያ በነጠላ ሰልፍ፣ ፊት ያለው የረገጠውን እየረገጣችሁ ሂዱ። የእንጦጦ ሯጮችም ጫካ ውስጥ እግር የሚከተሉት እንዲህ ነው። ግራር ካለበት ስትደርሺ ዓይንሽ መሬት ላይ ይሁን፤ እሾሁ የጫማ ሶል ይበሳል። የሰው ማሳ አትርገጪ፣ ቦይ አትናጂ። ገበሬው ከተቀየመሽ መንገዱ ተዘጋብሽ ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ሮቢ ወንዝ ውስጥስ? በበጋ አሸዋው ባዶ ነው።

መላሽ፦ አሸዋ ባትና ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል። ግን አጭር ይሁን፤ እግር ስለሚሰምጥ ጅማት ቶሎ ይጎዳል። ከዚያ የሚበልጠው አደጋ ደራሽ ጎርፍ ነው። ሮቢም ጀውሃም ከደጋው ወርደው በእኛ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚሄዱ ወንዞች ናቸው። ደጋው ደብረ ሲና ላይ ዝናብ ሲጥል እዚህ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ደረቅ አሸዋ ላይ ስትሮጪ ውሃው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ውስጥ አትግቢ። በበልግም፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አስቀድመሽ ተራራውን እዪ። ጫፉ ከጠቆረ ቀኑ የወንዝ ቀን አይደለም።

ጠያቂ፦ ድንገት ቢመጣብኝስ?

መላሽ፦ ምልክት አለው። የቀረው ትንሽ ውሃ ይደፈርሳል፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ ከላይ ጉምጉምታ ይሰማል። አንዱን ካየሽ ወደ ታች እሮጣለሁ አትበይ፤ ጎርፍ አይቀደምም። በቅርብሽ ወዳለው ዳር ዞረሽ ውጪ። ተሻግሬ ልመለስ ብሎም ነገር የለም፤ ማዶ ከቀረሽ ውሃው እስኪጎድል እዚያው ጠብቂ።

ጠያቂ፦ ሰዓቱንስ? እኔ ከትምህርት ስመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምሮጠው።

መላሽ፦ ዋናው ስህተትሽ እሱ ነው። ዶሃን አስታውሺ። በ2012 ዓ.ም. የደመራ ዕለት የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተካሄደ። ሙቀት ፈርተው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አስጀመሩት። ያም ሆኖ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ አየሩም እርጥብ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ የእኛዎቹ ሦስት ልጆችም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። በሳምንቱ ወንዶቹ በተሻለ አየር ሮጡ፤ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። ያው ከተማ፣ ያው የሌሊት ሰዓት፤ አየሩ ብቻ ተለወጠ።

ጠያቂ፦ እርጥበቱ ምን ያደርጋል?

መላሽ፦ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱ ውስጥሽ ይቀራል። ልብ ደግሞ ደሙን ለጡንቻም ለቆዳም ማካፈል አለበት። ያኔ በያዝሽው ፍጥነት መቀጠል አይቻልም። አበበ ቢቂላም የደብረ ብርሃን አካባቢ የጃቶ ልጅ፣ የደጋ ሰው ነበር። በሮም ኦሊምፒክ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ያሸነፈው ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀምሮ በምሽት ነው ያለቀው። ባለሙያዎቹ ሰዓት ከመረጡ እኛ የማንመርጥበት ምክንያት የለም። አንቺም ጎህ ሲቀድ ጀምሪ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሺ። ጨለማው ሳይገፈፍ ግን አትውጪ፤ ጅብም ውሻም አለ። ብቻሽንም አትውጪ።

ጠያቂ፦ ከደጋ የመጣ ሯጭ እዚህ ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው?

መላሽ፦ አዎ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን ይፈልጋል። በነዚያ ቀናት ቀስ ብሎ፣ በአጭሩ ነው መሮጥ። ከለመደ በኋላ ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ጓደኛሽ እየሮጠች ከተንገዳገደች፣ የምትናገረው ከተምታታባት፣ ያ ድካም አይደለም፤ ሙቀት መቷታል። ጥላ ሥር አስተኚያት፣ ውሃ አፍስሺባት፣ አራግቢላት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሰው ላኪ። ራሷን ስታ ከሆነ ውሃ በአፏ አትስጪ።

ጠያቂ፦ ወደ ከፍታው እንሂድ። ተራራው ላይ ያለው ጣርማበር ምን ይጨምርልኛል?

መላሽ፦ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየር በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ እዚህና እዚያ ከአስር ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት አለ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ግን ታችም ላይም አንድ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ጣርማበር ላይ በባሕር ወለል ካለው ግፊት 70 ከመቶ ገደማ ነው የሚቀረው። ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ያንሳል። ኩላሊት ይህን ሲረዳ ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ ያዛል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብወጣ ይበቃል?

መላሽ፦ ለደሙ አይበቃም፤ እሱ ሳምንታት መኖር ይጠይቃል። ለዳገት ጉልበት ግን ይበቃል። በሚኒባስ ደብረ ሲና ድረስ ሂጂ። ዋናው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ መኪና ይበዛዋል፤ ስለዚህ ከዳር ያለውን የገበሬ መንገድ እየጠየቅሽ ወደ ላይ፣ ወደ ጣርማበር ሩጪ። ስትመለሺ በመኪና ውረጂ። ረጅም ቁልቁለት መሮጥ የጭን ጡንቻን ይቀዳድዳል፤ ሰኞ ደረጃ መውረድ ያቅትሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ጠያቂ፦ የደጋ ልጆች ስለዚህ ሁልጊዜ ይበልጡናል ማለት ነው?

መላሽ፦ በአየሩ ይበልጡናል። በፍጥነት ልምምድ ግን የኛ ሜዳ ይበልጣል። ከእንጦጦና ከሱሉልታ ሯጮች ፍጥነት ሲፈልጉ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ የሚወርዱት ለምን ይመስልሻል? ዝቅ ባለ ቦታ ትንፋሽ ይተርፋል፣ እግር በፍጥነት መዞርን ይለምዳል። ማክሰኞና ዓርብ በማለዳ እዚሁ ሜዳ ላይ ፈጣን ሩጫ፣ ቅዳሜ ዳገት፣ እሑድ ዕረፍት፣ በተረፉት ቀናት ቀላል ሩጫ ያዢ።

ጠያቂ፦ ሐይቅ ዳር መሮጥ ግን አምሮኛል።

መላሽ፦ እሱም በዚሁ በደሴ መስመር አለ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ አለ፤ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አጠገቡ ደግሞ ከፍ ብሎ አርድቦ ሐይቅ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው መውጣት ጥሩ የዳገት ሩጫ ነው። ሐይቅ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር ግን የጸሎት ቦታ ነው፤ እዚያ አይሮጥም።

ጠያቂ፦ ነገ ልጀምር?

መላሽ፦ ዛሬ ማታ ጀምሪ። ቆላ ነንና ወባ አለ፤ አጎበርሽን አውርደሽ በጊዜ ተኚ። ጠዋት ውሃ ጠጥተሽ ውጪ፣ ስትመለሺ በሶ በጨው በጥብጠሽ ጠጪ። የዘጠኝ ሰዓቱን ሩጫ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተይው፤ እሱ ያደክማል እንጂ አያሠለጥንም።