ለመርሳት በሽታ ፕሮጀክት ገንዘብ ለምታፈላልጊ ልጄ

ልጄ፣ ለመርሳት በሽታ መከላከያና እንክብካቤ ፕሮጀክት ልትጽፊ መነሣትሽ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። በዓለም ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በጤና ፕሮጀክቶች ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ምክሬን ተቀበዪኝ።

1. የመከላከያውን ገንዘብ ለጎልማሶች መድቢ፤ መከላከል ከእርጅና በፊት ይጀምራልና። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ሊለወጡ የሚችሉ 14 የስጋት ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን ሕመም ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ይላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ ብቸኝነት፣ በልጅነት ትምህርት ማጣት ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። የግፊት መድኃኒት ርካሽ ነው፤ የሚቸግረው በየወሩ ሳይቋረጥ ጤና ጣቢያ ውስጥ መገኘቱ ነው። ስለዚህ በፕሮፖዛልሽ ውስጥ የግፊት መለኪያና የመድኃኒት አቅርቦት ጎልቶ ይታይ።

2. የማስታወስ ችሎታ መመርመሪያውን መጠይቅ ሳትፈትሺ ሥራ አትጀምሪ። ከውጭ የመጣው መጠይቅ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሳችሁ ቁጠሩ ይላል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ይህን ባይመልሱ ታመዋል ማለት አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው 10/66 የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን የትምህርት ማነስ ውጤቱን እንዳያዛባ የሚያደርግ የምርመራ ዘዴ አዘጋጅቷል። ቡድኑ ስሙን ያወጣው ከታማሚዎቹ 66 በመቶው በታዳጊ አገሮች እየኖሩ ከምርምሩ ግን 10 በመቶው እንኳ እንደማይደርሳቸው ለማመልከት ነበር። ደግሞም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሕመምና ድብርት አእምሮን ያደክማሉ፤ ይታከማሉም። «ጃጅተዋል» ተብሎ ጥግ የተተወ ሰው ሁሉ ቢያንስ የእነዚህ ሕመሞች ምርመራ ይገባዋል።

3. አስታማሚዋን አትርሺ። ከምክሬ ሁሉ ይህኛውን አጥብቀሽ ያዢልኝ። የመርሳት በሽታ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለምን 1.3 ትሪሊዮን ዶላር እንዳስወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚሠራው ሥራ ዋጋ ነው። ለዚህ እንክብካቤ ከሚውለው ሰዓትም 70 በመቶው የሴቶች ነው። እኛ አገር ይህች ሴት ትምህርቷን ያቋረጠች ታናሽ ልጅ ናት፣ ወይም ምራት። ሌሊት በር ከፍተው የሚወጡትን እናት ተከትላ የምትመልሳቸው፣ አሥር ጊዜ ለተጠየቀችው አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ የምትመልሰው፣ ገላቸውን የምታጥበው እሷ ናት። የብዙ ፕሮጀክት በጀት ግን «ግንዛቤ ማስጨበጫ» እየተባለ ለሆቴል አዳራሽና ለአበል ያልቃል። ይህ ያንገበግበኛል። እሷ የምትፈልገው በሳምንት አንድ ቀን የሚተካት ሰው፣ ዳይፐርና ሳሙና፣ ታማሚው ሲቆጡባት ምን እንደምታደርግ የሚያሳያት ነርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአስታማሚዎች ያዘጋጀው አይሰፖርት የተባለ ሥልጠና አለ፤ ወደ አካባቢሽ ቋንቋና ኑሮ አምጪው፤ ለማታነበውም በቃል ይሰጥ።

4. ዕድሩን አማክሪ። በኤችአይቪ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄደው ረድተዋል። የተኪ አስታማሚውን ተራ ከእነሱ በተሻለ የሚያደራጅ አታገኚም።

5. ከንስሐ አባቶችና ከኢማሞች ጋር ተመካከሪ። ቤተሰብ ታማሚዎቹን ጠበል ሲወስዳቸው አትከልክዪ፤ መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ ግን አባቶቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ለምኚያቸው።

6. ስለ መዝጊያው ቀን ገና ስትጀምሪ አስቢ። በሶዶ ወረዳ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ እንደሚቻል አሳይቷል። አንቺም አዲስ ሕንፃና አዲስ ቢሮ ከማቆም ይልቅ ባሉት ጤና ጣቢያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥሪ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በራሱ በጀት ሊሸከመው የማይችለውን ነገር አታስለምጂ።

7. ለሪፖርት ብለሽ የተራቆቱ ወይም ግራ የተጋቡ ሽማግሌ ፎቶ አታንሺ። የሚፈቅዱትን ማወቅ የተሳናቸው ሰው ፈቃድ ሰጡ አይባልም። ለጋሹ ያለ ፎቶ ገንዘብ አልሰጥም ካለ፣ ልጄ፣ ሌላ ለጋሽ ፈልጊ።