ፍሬን ያጣች

ከማስተምራቸው የ10ኛ ክፍል ልጆች መካከል አምስቱ አስተሳሰባቸው ከእኩዮቻቸው የቀደመ ነው። «የፈለጋችሁትን ጻፉ» ብላቸው ግን አምስቱም ስለ ፀሐይ መጥለቅ ያንኑ የለመድነውን ጽፈው መጡ። ሶማሌ ተራ አሮጌ የመኪና ዕቃ ለሚሸጡት፣ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ለነበሩት ጎረቤታችን ይህን አወራኋቸው።

ጋሼ፦ ጥፋቱ «የፈለጋችሁትን» ያልሽው ላይ ነው። ብሩህ ልጅም ቢሆን ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ሌላው የሄደበትን መንገድ ይይዛል። እኛን የኔታ እንደዚያ ብለውን አያውቁም። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ያ ሲጸና ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይቀጥላል። እንዲህ እየተወጣ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደረሰው።

እኔ፦ ልክ ሲበጅለት ሐሳባቸው አይጠብም?

ጋሼ፦ ሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም ልታስገቢ ነው። ቦታ የለም። ስለዚህ የሁለት ቃል ሥራ የሚሠራ አንድ ቃል ትፈልጊያለሽ። ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ለብቻችን ተቀምጠን ቅኔ የምንቆጥረው ያንን ቃል ፍለጋ ነበር። ከዚያ የኔታ ፊት ቆመን እንናገራለን፤ እሳቸው ያርማሉ። ሌላው ያለውን ደግሞ መድገም ነውር ነው።

እኔ፦ የእርስዎ በግዕዝ ነው። የእኔ ልጆች ግዕዝ አያውቁም።

(ከመደርደሪያው አንድ ዕቃ አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡ።)

ጋሼ፦ ምንድን ነው?

እኔ፦ የፍሬን ሸራ።

ጋሼ፦ ሰሙ መኪና ይሁን፣ ወርቁ ሰው። የሚያገናኛቸውን ቃል ፈልጊ።

(ዝም አልኩ። ደጅ ላይ የኮፈን ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ሐሳቤን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደብኝ።)

እኔ፦ ፍሬን ያጣች… መኪና ፍሬን ታጣለች። ልጇን የቀበረች እናትም ፍሬን አጣች፣ የማኅፀኗን ፍሬ።

ጋሼ፦ ኅብር የሚሉት ይህ ነው። ግን አላለቀም። ፍሬን ማጣት የሚያስፈራው የት ላይ ነው?

እኔ፦ ቁልቁለት ላይ።

ጋሼ፦ የእናቲቱስ ቁልቁለት?

እኔ፦ እርጅና።

ጋሼ፦ የፍሬን ሥራው ምንድን ነው?

እኔ፦ መያዝ። (ድንገት ገባኝ።) የልጁም ሥራ እሷን መያዝ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የሚይዛት የለም።

ጋሼ፦ አየሽ፣ ሰም ሲመረጥ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል። ልጆቹ ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት። በአንድ ወገን የዕቃውን ጠባይ ሁሉ፣ በሌላው የሰውዬውን ሕይወት ይደርድሩ። መስመር ለመስመር የሚገጥመውን ያስምሩ፤ የማይገጥመውን ቢያምርም ይጣሉት። ከዚያ ሁለት መስመር ይጻፉ፤ ሦስተኛ አትፍቀጂ። ቆመው ያንብቡልሽ። ስትሰሚ ወርቁን ያላገኘሽበትን ቦታ ንገሪያቸው እንጂ አንቺ አታስተካክዪላቸው።

እኔ፦ እኔ ግን ረጅም ታሪክ እንዲጽፉ ነው የምፈልገው።

ጋሼ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት፣ ገና በልጅነታቸው፣ በቅኔ ቤት ያለፉ ሰው ናቸው። ያን የሚያህል መጽሐፍ የጻፈ እጅ መጀመሪያ በአጭሩ ነው የተገራው። ልጆችሽ ሁለቱን መስመር ሲጨርሱ እናቲቱ ማን እንደሆነች፣ ልጇ የት እንደ ቀረ ጠይቂያቸው። ታሪኩ ከዚያ ይወጣል።

(ይህን ሲሉ የራሴን ትምህርት ቤት ዘመን አሰብኩ። «ምናብሽን ተጠቀሚ» ብቻ ነበር የሚባለው፤ እንዴት እንደሆነ ያሳየኝ አልነበረም።)

ጋሼ፦ አምስት ናቸው አልሽ?

እኔ፦ አምስት።

(ካንዴላ፣ ስፖኪዮ፣ የባሌስትራ ቁራጭ፣ የተሰበረ የማርሽ ጥርስና ያንኑ የፍሬን ሸራ በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።)

ጋሼ፦ የፍሬኑን የምትሰጪው ልጅ ያንቺን ቃል እንዳይደግም፤ ሌላ ይፈልግለት። ስፖኪዮውን ደግሞ እስከ ማክሰኞ መልሺልኝ፤ ገዢ አለው።