በሽንት ካቴተር ላይ የሚፈጠር ባዮፊልም፦ የብር ሽፋን ወይስ የቆይታ ጊዜ?

በሽንት ካቴተር ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ልባስ ውስጥ ባዮፊልም ይሠራሉ፤ በዚያ ውስጥ ሳሉ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አያጠፋቸውም። ካቴተሩን በብር ቅይጥ መሸፈን ጥሩ መከላከያ መስሎ ነበር። ሆኖም በብሪታኒያ 24 ሆስፒታሎች ከ7,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት፣ ምልክት አሳይቶ በአንቲባዮቲክ የታከመ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በብር ቅይጥ ካቴተር 12.5%፣ በተለመደው ደግሞ 12.6% መሆኑን አሳይቷል። ይህ ልዩነት የሽፋኑን ተጨማሪ ወጪ አያስገድድም። በአንጻሩ በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል ካቴተሩ በቆየበት በእያንዳንዱ ቀን ከ3 እስከ 7% ይጨምራል፤ ስለዚህ ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ በየዕለቱ መጠየቅና ካላስፈለገ ማውጣት ይቀድማል።

ጥናቱ ግን የአጭር ጊዜ ተጠቃሚዎችን ብቻ ይመለከታል። ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ካቴተር ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፦ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ በዩሪኤዝ ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያ ሲለውጥ የሽንቱ ፒኤች ከፍ ይላል፤ የማግኒዥየምና የካልሲየም ፎስፌት ክሪስታሎች በባዮፊልሙ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ቱቦውም ይደፈናል።