ወለምታው ዳነ፣ ፍርሃቱስ?

ቁርጭምጭሚትሽ ከዳነ ቆይቷል። እብጠቱ ጠፍቷል፣ ደረጃ ትወጫለሽ፣ ታክሲ ለመያዝም ትሮጫለሽ። ሂል ጫማሽ ግን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ሠርግ ሲመጣ ፍላት ታደርጊና "ይሄ ይሻለኛል" ትያለሽ። ከልብሽ ከሆነ እሰየው፤ ሂል አላደረገችም ተብላ የምታንስ ሴት የለችም። ዓይንሽ ግን በየጊዜው ወደዚያ ካርቶን የሚሄድ ከሆነ፣ እህቴ፣ ዛሬ የምጽፈው ለአንቺ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ሂል ለብዙዎች የሥራ ልብስ ነው። የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ በተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) አዳራሽ ስብሰባ የምታስተናግደው ሴት ጠዋት ተጫምታው ወጥታ ማታ ነው የምታወልቀው። አንድ ቀን ወለም ካላት በኋላ በዚያ ጫማ መቆም ለምን እንደሚያስፈራት ለእነሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእግሩ ይታሻል። ፍርሃቱ ግን እንደ አፉ ወለምታ ነው፤ ከላይ ቢያሹት አይወጣም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዳግም ወለም ቢልሽ፣ ወጌሻ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ክፉኛ የሚያምሽ ከሆነ መጀመሪያ ራጅ ተነሺ። የተሰበረ አጥንት በኃይል ታሽቶ ወይም ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ እግራቸውን እስከማጣት የደረሱ ሰዎች በአገራችን አሉ።

ፍርሃትሽ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ከቅልጥም አጥንቶች ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚትን የሚያንቀሳቅሰው አጥንት ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው። ሂል ስታደርጊ ተረከዝሽ ከፍ ይልና ጠባቡ ወገን ወደ መሃል ይገባል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ወደ ጎን መታጠፍም ይቀለዋል። በዚያ ላይ ወለምታ ዘወትር የሚጎዳቸው በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች፣ እግርሽ እንዴት እንዳረፈ ለአንጎልሽ የሚነግሩ ነርቮች አሏቸው። ጅማቶቹ ሲለጠጡ መልእክቱ ይዘገያል። "እግሬ ከዳኝ" የምንለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ሕመሙ ጠፍቶም እግርሽ እንዴት እንዳረፈ የማወቁ ስሜት ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል። ደስ የሚለው ነገር በልምምድ ይመለሳል! ስለዚህ ከፍርሃትሽ ጋር አትከራከሪ፤ "አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም" ቢሉትም አይሰማም። እግርሽ ችሎ ሲያየው ብቻ ነው የሚለቅሽ።

ልምምዱ ጊዜ ይወስዳል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት የጉልበት ጉዳት ከውድድር አራቃት። ዓለም በጨበጨበላት ማግስት ሁለት ዓመት ሙሉ! በ1995 ተመልሳ የዓለም አገር አቋራጭን አሸነፈች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ደገመች፤ በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን ወሰደች። የእሷ ጉልበት ሁለት ዓመት ከጠየቀ፣ ያንቺ ቁርጭምጭሚት ጥቂት ወራት ቢጠይቅሽ ምን ያሳፍራል?

ልምምዱ የሚጀመረው በባዶ እግር ነው። ቡናው እስኪፈላ ከእሳቱ ራቅ ብለሽ፣ ግድግዳ አጠገብ፣ በተጎዳው እግርሽ ብቻ ቁሚ። 30 ሰከንድ ሳትንገዳገጂ ስትቆሚ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪው፤ ያኔ ሥራው ይበልጥ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ባትሽን አጠንክሪ። ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብለሽ አውርጂ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀልሽ በአንድ። ይህ ያለ ጫማ ሂል ላይ መውጣት ማለት ነው። ባትሽ ከተሳሰረብሽና እብጠቱ ፈጽሞ ከጠፋ ፍልውሃ ቅርብሽ ነው፤ እቴጌ ጣይቱን ወደዚህ ሜዳ የሳበው ሙቅ ውኃ ያንቺንም ጡንቻ ያፍታታል።

ከዚያ ጫማው ይመጣል፤ ካርቶን ውስጥ ያለው ቀጭኑ ታኮ ግን ይቆይ። መነሻሽ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ታኮው ወፍራም፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ጫማ ይሁን። ስትገዢ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጨንቃል። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ። ሁለቱንም አሸነፈ። የትኛው ጫማ ለየትኛው ቀን እንደሚሆን እግርሽን ጠይቂ፤ የጓደኛሽን አስተያየት ሁለተኛ አድርጊው። ቤት ውስጥ ሳህን እያነሳሽ፣ ስልክ እያወራሽ አሥር ደቂቃ ሂጂበት። በማግስቱ ካላበጠና ካላመመሽ ጨምሪ፤ ካመመሽ ወደ ዝቅተኛው ተመለሺ። መመለስም የልምምዱ አካል ነው።

ደጅ ስትወጪ መንገድ ምረጪ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ተገለባብጣለች። ጎረቤቶቿ ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል፤ እኔም የድሮው ሠፈር ይናፍቀኛል። የእግረኛ መንገዱ ግን ሰፍቷል፣ ተደላድሏል፤ ቀጭን ታኮ የሚውጠው የኮብልስቶን ክፍተት ሲያሰቃየን የኖርን ሴቶች ልዩነቱን እናውቀዋለን። በሜዳው ጀምሪ። ከኢሲኤ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውን ቁልቁለት ለመጨረሻ አቆዪው፤ ቁልቁለት ላይ ክብደትሽ ሁሉ ወደ ጣቶችሽ ይገፋል፣ እርምጃሽ ሳታስቢው ይፈጥናል። ስትደርሺበት እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ደረጃ ከሆነ ደግሞ የብረት መደገፊያውን ያዢ።

ብወድቅስ? ሰው ፊትስ? አብዛኛው ፍርሃት እዚህ እንዳለ አምናለሁ። ሞዴሏ ናኦሚ ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ላይ፣ በፋሽን ትርኢት መድረክ፣ በካሜራዎች ሁሉ ፊት ከረጅሙ ጫማዋ ወድቃ፣ ሥቃ ተነሥታ ሄደች። በእኛ ከተማ ደግሞ ሴት ስትወድቅ የሚስቅ አንድ ጎረምሳ ቢገኝ "እኔን!" ብለው የሚሮጡላት አራት እናቶች አሉ። አንዷ ቦርሳሽን ታነሣለች፣ አንዷ ክንድሽን ትይዛለች፣ አንዷ "ጫማሽን አውልቂውና ትንሽ ተቀመጪ" ትልሻለች። በዚህ ሕዝብ መሃል ነው የምትራመጂው፤ ይህን እያሰብሽ ቀና በይ!

ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ካርቶኑን አውጪና ታኮው ሥር ያለው ላስቲክ አልቆ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ያለቀ ላስቲክ ደልዳላ መንገድ ላይም ያንሸራትታል። አልቆ ከሆነ ነገ ወደ ሥራ ስታልፊ መንገድ ዳር ላለው ጫማ ሰፊ ስጪው፤ ማታ ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ።