የማጽናኛ ደብዳቤ አጻጻፍ፦ ውጤት ከተነገረ በኋላ

ትምህርት አሥራ ሁለት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣ በፈተና ውጤቱ ላዘነ ልጅ እውነቱን የማይደብቅ፣ ተስፋውንም የማይዘጋ ደብዳቤ ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በደባርቅና በዳባት ከተሞች ወሬው ሁሉ ስለ ነጥብ ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች የመጡ ልጆች በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እየተቀበሉ ተምረዋል። እናት ከጓዳዋ ቀንሳ ልካለች፤ አባትም በግ ሸጦ የቤት ኪራይ ከፍሏል። ስለዚህ ነጥቡ የመላው ቤተሰብ ድካም ዋጋ መስሎ ይታያል። ነጥቡ ሳይሞላ ሲቀር፣ ልጁ የበላው ስንቅ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይታየዋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ ሊገባበት የተመኘውን ዓይነት በር በየቀኑ እያየ ማለፉ ኀዘኑን ያከብደዋል።

በመጀመሪያ ነገሩን በልኩ ማየት ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው የተፈተኑት ያን ጊዜ ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 ከመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናም ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ ማለትም 3.2 ከመቶ አለፉ። በዚያው ዓመት ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 8.4 ከመቶ ሆነዋል። ያም ቢሆን ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ነጥቡ አልሞላላቸውም ማለት ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ምን እንማራለን? አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ አንድም ተማሪ ሳያሳልፍ ሲቀር፣ ምክንያቱን በአንድ ልጅ ስንፍና ማስረዳት አይቻልም። የመጽሐፍ ማነስ፣ የቤተ ሙከራ አለመኖር፣ የመንገድ ርዝመት፣ የተቋረጠ ትምህርት ሁሉ በነጥቡ ውስጥ ገብተዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ መፈናቀሉንም መዘንጋት አይገባም። ይህን ማወቅ ግን የልጁን የራሱን ድርሻ አይሽርም። ነጥቡ ልጁ በተወሰነ ቀን፣ ለተወሰኑ ጥያቄዎች የሰጠውን መልስ ይናገራል፤ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

ይህን ለይቶ መናገር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ነጥብ ያልመጣለት ወንድ ልጅ ለማንም ሳይናገር ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሥራ የሚሄድበት፣ ሴት ልጅም «ከእንግዲህ ትምህርቱ ይብቃሽ» ተብላ ሳትወድ የምትዳርበት ጊዜ አለ። በዚያ ሰሞን የተነገረ አንድ ቃል ልጁን ወደ መጽሐፉ ሊመልሰው፣ ወይም ከቤቱ ሊያስወጣው ይችላል። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ጭምር ነው።

ለ. ሰዋስው

የሚያቆስለውን ቃል ከሚያጸናው ለመለየት የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች አስተውሉ።

1. «ነው» የሚለው ግስና የድርጊት ግስ። «አንተ ሰነፍ ነህ» እና «በሒሳብ ፈተና አነስተኛ ነጥብ አገኘህ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች አወዳድሩ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ነህ» የሚለው ግስ ባለቤቱን ከቅጽሉ ጋር ያስረዋል፤ ጊዜም ሆነ ስፍራ አልተወሰነለትም። በሁለተኛው ግን ግሱ የተፈጸመ ድርጊትን ያመለክታል፤ «በሒሳብ ፈተና» የሚለውም ሐረግ ነገሩን በአንድ የትምህርት ዓይነት ይወስነዋል። የተወሰነ ነገር ሊታረም ይችላል።

2. ከግስ የሚወጣ የአድራጊ ስም። «አረሰ» ከሚለው ግስ «አራሽ»፣ «ጠበቀ» ከሚለው «ጠባቂ» ይወጣል። አራሽ የምንለው አንድ ቀን ሞፈር የጨበጠውን ሳይሆን ማረስ ሥራው የሆነውን ነው። እንደዚሁም «በፈተናው ወደቀ» ማለት ስለ አንድ ፈተና መናገር ሲሆን፣ «ወዳቂ» ማለት ግን መውደቅን የልጁ መጠሪያ ማድረግ ነው። ስለዚህ ግሱን ስትጠቀሙ ስሙን ተዉት።

3. የተዘጋና ክፍት ሁኔታ። «ብታጠኚ ኖሮ ታልፊ ነበር» የሚለው አነጋገር ስለማይመለስ ጊዜ ይናገራል፤ «ኖሮ» እና «ነበር» በሩን ዘግተውታል። «ሒሳብን ብታጠኚ ነጥብሽ ከፍ ይላል» የሚለው ግን ወደ ፊት የሚፈጸም ነገርን ያመለክታል። ለመውቀስ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን፣ ለመርዳት የሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛውን ይመርጣል።

ሐ. የደብዳቤው አሠራር

የማጽናኛ ደብዳቤ አምስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ሰላምታ፣ እውነቱን በአጭሩ መግለጽ፣ ኀዘኑን መካፈል፣ ክፍት የሆኑትን መንገዶች ማሳየትና ቀጠሮ ናቸው። መንገዶቹን ለማሳየት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ሳይሞላላቸው የተወሰነውን መቁረጫ ነጥብ ላሟሉ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ይህም በተለምዶ ሬሜዲያል ይባላል። በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተንና በቴክኒክና ሙያ ተቋም መሠልጠንም አሉ። የሚከተለው ከጎንደር ከተማ በዳባት ወረዳ ለምትገኝ ታናሽ እህት የተጻፈ የምሳሌ ደብዳቤ ነው።

«ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደኅና ነኝ።

ውጤትሽን አባታችን በስልክ ነገረኝ። 44 ከመቶ አግኝተሻል፤ ለማለፍ 6 ጎድሎሻል። ብዙ የደከምሽበት ስለሆነ ማዘንሽ ተገቢ ነው፤ አታልቅሺም አልልሽም። በሒሳብና በፊዚክስ ያገኘሽው ነጥብ አነስተኛ ነው፤ በእንግሊዝኛና በባዮሎጂ ግን ከግማሽ በላይ ሠርተሻል። እንግዲህ ሥራው የት ላይ እንደሚጠብቀን ታውቋል ማለት ነው።

አባታችን ላወጣው ገንዘብ እንደምትጨነቂ ስለ ገባኝ እርሱኑ ጠየቅሁት። «እኔ ስንቅ የላክሁት ለልጄ እንጂ ለነጥቧ አይደለም» ብሎኛል።

የማካካሻ ትምህርቱ መቁረጫ ነጥብ ሲነገር አብረን እናያለን። እርሱ ባይሆን በግል መፈተንም፣ ሙያ መማርም አለ። የትኛው እንደሚሻል ዛሬ አትወስኚ። እኔ በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ የነጥብሽን ወረቀት ይዘሽ ጠብቂኝ። እስከዚያው ብቻሽን አትዋዪ፤ ከእናታችን አትለዪ።

ወንድምሽ»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሌሉትንም ነገሮች ልብ በሉ። ጸሐፊው «ምንም አይደለም» አላለም፤ ለእህቱ ትልቅ ነገር ነውና እንዲህ ቢላት ኖሮ ከአንገት በላይ መሆኑን ታውቀው ነበር። ከጎረቤት ልጅ ጋር አላወዳደራትም። «በሚመጣው ዓመት በእርግጥ ታልፊያለሽ» ብሎም በእጁ የሌለውን ነገር ቃል አልገባም። ቃል የገባው ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ቅዳሜ መምጣቱን።

መ. ማሳሰቢያ

ደብዳቤ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ልጁ ምግብ ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተናገረ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ አትመልከቱት፤ ምሥጢር አድርጋችሁም አትያዙት። ብቻውን አትተዉት፤ ለወላጆቹ፣ ለምታምኑት መምህር ወይም ለጤና ባለሙያ በዚያው ቀን ንገሩ። በወላጆቹ ቊጣ የሚፈራ ከሆነም፣ ቤተሰቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ወይም አጎት አስቀድሞ ቢያነጋግራቸው መልካም ነው።

ሠ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በድርጊት ግስ፣ ጊዜውንና የትምህርቱን ዓይነት በመወሰን እንደገና ጻፉ።
(ሀ) እርሷ ደካማ ናት። (ለ) አንተ ለትምህርት የተፈጠርህ አይደለህም። (ሐ) ይህ ልጅ ወዳቂ ነው።

2. «ብትሰማኝ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር» የሚለውን ወቀሳ ወደ ክፍት ሁኔታ ለውጡት። ከለወጣችሁት በኋላ የተናጋሪው አሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

3. ከምንባቡ ውስጥ አንድ ቁጥር መርጣችሁ፣ ቁጥሩ ያዘነን ልጅ እንዴት ሊያጽናና እንደሚችልና ለስንፍና ማመካኛ ሊሆን የማይገባው ለምን እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

4. ድርሰት። ማንበብና መጻፍ የማይችል አባት በደባርቅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጁ ደብዳቤ እንድትጽፉለት ለምኗችኋል እንበል። ልጁ ነጥቡ ስላልሞላለት ወደ ቤት መመለስ አፍሯል። አባትየው የሚለው «ንገሩልኝ፣ ይምጣ» ብቻ ነው። ይህን አጭር ቃል መሠረት አድርጋችሁ፣ የአባቱን ክብርና ርኅራኄ በሚጠብቅ አነጋገር ከ150 ቃላት ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ልጁ ሲሰማው ስንቁን አንሥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ መሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። አይመለስም ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ያስቀረውን ቃል ፈልጋችሁ አውጡና እንደገና ጻፉ።