ቤተ ሰብ በአንድነት መንገድ ሲወጣ ለልጆች ስለሚተርፈው መታሰቢያ

አባትና እናት ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ነው፤ ይኸውም ማሳ፥ ከብት፥ ቤትና ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በልብ የሚያዝ ነው፤ ይኸውም ምግባር፥ ዕውቀትና መታሰቢያ ነው። የፊተኛው በተካፈሉት ቍጥር ያንሳል፤ የኋለኛው ግን ቢካፈሉት አያንስም። አንድ ማሳ ለ5 ልጆች ቢከፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አባታቸው 5ቱን ይዞ ወደ ምንጭ የወረደበት ቀን ግን ለ5ቱም ሙሉው ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ ለልጄ የማወርሰው የለኝም ብሎ የሚያዝን ድኻ ቢኖር፥ ይህን ሁለተኛውን ርስት ያስብ። ይህ ትምህርት የሚናገረው ገንዘብ ሳይወጣ ከቤት ወጥቶ በመመለስ ብቻ እንዲህ ያለው ርስት እንዴት እንደሚገኝ ነው። የሚያስፈልገውም 3 ነገር ነው፤ የሚሄዱበት ቦታ ስሙና ታሪኩ ይነገር፤ ልጁ የሚሠራው ነገር ይኑረው፤ ከተመለሱም በኋላ ነገሩ ይተረክ።

1. ስለ መታሰቢያ ጠባይ

ሰው ያየውን ሁሉ በልቡ አይዝም። ይህን የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደ ገለጡት፥ አብዛኛው ሰው 3 ወይም 4 ዓመት ሳይሞላው የሆነውን ነገር ካደገ በኋላ አያስታውሰውም። ከዚያም ወዲህ ቢሆን፥ ዕለት ዕለት በአንድ ዓይነት የሚደረግ ነገር እርስ በርሱ ይደባለቅና አንዱ ቀን ከሌላው አይለይም። ልጅ ዓመቱን ሙሉ በምድጃ ዳር የበላውን ራት ለይቶ አይቈጥረውም፤ ከአያቱ ጋራ በኮረብታ ላይ ተቀምጦ ቆሎ የበላበትን አንድ ቀን ግን ለይቶ ይቈጥረዋል። ያ ቀን የራሱ ምልክት አለውና፤ ዳገቱ፥ ነፋሱ፥ የእርጥብ መሬት ሽታ፥ የአያቱም ድምፅ በአንድነት ታስረው ይቀመጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በኋላ ዘመን በተገኘ ጊዜ የቀሩትን ሁሉ ጐትቶ ያመጣቸዋል።

ልጅ የወጪውን ልክ አያውቅም። የሚያውቀው ከማን ጋራ እንደ ሄደ፥ የጠየቀውም ነገር መልስ እንዳገኘ ነው። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት አባቱ ያላነጋገረው መንገድ፥ አባቱ እያጫወተ ከወሰደው አጭር መንገድ ያንሳል።

2. ስለ ቦታውና ስለ ስሙ

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፥ የእስራኤል ልጆች ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ 12 ድንጋይ ከወንዙ መካከል ተነሥቶ እንዲቆም ታዘዘ። የታዘዘበትም ምክንያት፥ በኋላ ዘመን ልጆች ድንጋዩን አይተው ሲጠይቁ አባቶች የሆነውን ነገር እንዲነግሯቸው ነው። ይህን ልብ ማድረግ ይገባል። ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም፤ ልጁም ካላየው አይጠይቅም፤ አባቱም በሥፍራው ከሌለ የሚመልስ አይገኝም። ድንጋዩ፥ ልጁና አባቱ በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ ግን ነገሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በያንዳንዱ መንደር አይታጣም። ሽማግሎች ዕርቅ የሚያወርዱበት ዋርካ፥ የወሰን ምልክት የሆነው ቋጥኝ፥ በበጋ የማይደርቀው ምንጭ፥ አያት ቅድመ አያት ያረፉበት መካነ መቃብር ሁሉ ልጅ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ደኑ በተመነጠረበት በደጋው አገር ጥንታዊው ወይራ፥ ጽዱና ዝግባው በብዙ ሥፍራ ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ልጅን ወደዚያ ወስዶ የየዛፉን ስም፥ ለምን ሥራና ለምን መድኃኒት እንደሚሆን መንገር ትልቅ ትምህርት ነው። ደግሞም ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ 7 ቤት መቍጠር ልማድ በሆነበት አገር፥ ልጅ ትውልዱን በመቃብሩ ሥፍራ ቆሞ ቢቈጥር፥ በቤት ተቀምጦ በቃሉ ከሚያጠናው ይልቅ ይጸናለታል።

ቀድሞ ልጅ ከብት ሲያግድና ከአባቱ ኋላ ሲከተል ይህን ሁሉ ሳይታወቀው ይማረው ነበር። አሁን ግን የቀኑን እኩሌታ በትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን የጐደለውን ሰዓት ቤተ ሰቡ አስቦ ካልመለሰለት፥ የዓለምን ወንዞች በመጽሐፍ ቈጥሮ የመንደሩን ምንጭ ስም የማያውቅ ይሆናል። ሽማግሌውም ባረፈ ጊዜ፥ ሥፍራው እያለ ስሙና ታሪኩ አብረውት ይቀበራሉ። ከተቀበረም በኋላ ማንም መምህር ከመጽሐፍ ፈልጎ አያገኘውም።

3. ስለ ልጁ ሥራ

ልጅ ዝም ብሎ እንደ ጭነት ተወስዶ ቢመለስ ጥቂት ያስታውሳል፤ አንድ ነገር በአደራ ቢሰጠው ግን ብዙ ያስታውሳል። ወደ ገበያ የሚሄድ አባት የጨውን ዋጋ ልጁ እንዲጠይቅ፥ እህሉም በጣሳና በቁና ሲሰፈር እንዲቈጥር፥ የተመለሰውንም ገንዘብ እንዲያስብ ያድርግ። ወደ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ እናት የሚወሰደውን ዳቦ ልጇን ታስይዘው፤ ሰላምታውንም በደጃፍ ቀድሞ እንዲያቀርብ ታስተምረው።

ነገር ግን ሥራ ሁሉ ደስ የሚል መታሰቢያ አይሆንም። ዕለት ዕለት እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ የምትወርድ ልጅ መንገዱን የምታስበው በድካም ነው። እናቷ በበዓል ቀን ያለ እንስራ በዚያው መንገድ ይዛት ብትወርድ፥ በጥላ ሥር ተቀምጠው ጠጕሯን ብትሠራት፥ ራሷም በልጅነቷ በዚያ ወንዝ ያየችውን ብትነግራት፥ ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆንላታል።

ጊዜ የለኝም የሚል ወላጅ ይኖራል፤ እውነቱን ነው፤ የእርሻና የአጨዳ ወራት ፋታ አይሰጥም። ነገር ግን የሚፈለገው አዲስ መንገድ መፍጠር አይደለም፤ ላይቀር በሚሄዱበት መንገድ አንዱን ልጅ ማስከተል ነው። ልጆች ብዙ ቢሆኑ ተራ ይግቡ፤ ብቻውን ከአባቱ ጋራ የሄደ ልጅ በብዙዎች መካከል የማይናገረውን ይናገራልና። ደግሞ ጊዜ የሚያመልጥ ነገር መሆኑን ማሰብ ይገባል። አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ያብብና ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል፤ ዛሬ ሜዳ ወርደን እንልቀም ያለውን ልጅ ነገ ነገ ሲሉት አበባው ያልፋል። የአበባው ዘመን በዓመቱ ይመለሳል፤ የልጅነት ዘመን ግን አይመለስም።

4. ስለ በዓላት መንገድ

በየዓመቱ የሚመለስ መንገድ ከሁሉ ይልቅ ይጸናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደምናነበው፥ ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው እናቱና ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ ሲሄዱ በነበረበት ልማድ ነው። በእኛም አገር ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፥ በማግሥቱም ሲመለሱ፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ ይከተላል። የእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችንም በዒድ ጧት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መስገጃው ሜዳ ይወጣሉ፤ ከዚያም ዘመድ ይጠይቃሉ።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፥ የጥምቀትም በዓል በ2012 ዓ.ም. ለሰው ልጅ ሁሉ ከሚጠበቁት ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ይህ ለአገር ክብር ነው። ለልጁ ግን ቅርሱ፥ ሕዝቡ ሲጋፋ አባቱ በትከሻው ላይ አውጥቶ ታቦቱን ያሳየው መሆኑ ነው።

5. ከመንገድ ተመልሶ ስለ መተረክ

መንገድ ያለ ትረካ እንዳልተወቃ እህል ነው። በምሽት ቤተ ሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ ልጁን ምን አየህ፥ ከዚያስ ምን ሆነ፥ አንተስ ምን አልህ እያሉ መጠየቅ ይገባል። ወላጆቻቸው ያለፈውን ነገር እንዲህ ዘርዝረው የሚያጫውቷቸው ልጆች ብዙና የተሟላ ነገር እንደሚያስታውሱ ተመርምሮ ታውቋል። ልጁ ቢሳሳት ውሸታም ተብሎ አይገሠጽ፤ እኔስ ያየሁት እንዲህ ነው ብሎ ማቃናት ይበቃል።

ፊደል የቈጠረ ልጅም ቀኑን፥ የቦታውን ስም፥ አብረው የሄዱትን ሰዎችና የሆነውን ነገር በደብተሩ አንድ ገጽ ይጻፍ። የጻፈውንም ማንበብ ለማትችል እናቱ ያንብብላት። እናት በቃሏ የነገረችውን ነገር በልጇ እጅ ተጽፎ በሰማች ጊዜ፥ ትምህርት ቤቱ ልጇን ከእርስዋ የለየ ሳይሆን ቃሏን ያኖረላት መሆኑን ትረዳለች። ያ ልጅ አንድ ቀን ለሥራ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዐረብ አገር ቢሄድ፥ ከቤቱ ይዞት የሚሄደው የማይከብድ ስንቅ ይህ ነው።

6. ስለ ጥንቃቄ

የመንገዱ ርዝመት በትንሹ ልጅ ጕልበት ይለካ፤ መሽቶም እንዳያገኛቸው ወደ ቤት ይመለሱ። በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ መሻገር አይገባም፤ በሥፍራው ዝናም ሳይዘንብ ከላይ በዘነበው ደራሽ ውሃ በድንገት ይመጣልና። መብረቅ ባለበት ሰዓት ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ስንቁ በሶ ወይም ቆሎ ይበቃል፤ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በበዓል ሕዝብ መካከል ልጆችን በየጊዜው መቍጠር ያስፈልጋል፤ ጌታችንም ከመንገደኞች ጋራ ነው ብለው የአንድ ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ እንደ ፈለጉት በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። ከሁሉም በላይ መንገዱን የቍጣና የተግሣጽ ቦታ አታድርጉት፤ ልጅ ስድቡንም ከዛፉ ጋራ አስሮ ያኖረዋልና።

7. ለመምህራን

መምህሩ ዓርብ ቀን ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ይስጣቸው፤ ለምሳሌ፥ ይህ ምንጭ ስሙን ከምን አገኘ? ተማሪዎቹም ቅዳሜና እሑድ ከወላጆቻቸው ወይም ከሽማግሎች ጋራ ወደ ሥፍራው ሄደው መልሱን ያምጡ። ሰኞ በክፍል ውስጥ ይተርኩት፤ የሁለት ቤት መልስ ባይስማማ ሁለቱም ይጻፍ። አባት ወይም እናት የሌለው ተማሪ እንዳያፍር፥ መምህሩ አስቀድሞ ከመንደሩ ሽማግሎች አንዱን ይለምንለት።

ጥያቄ

1. ሲካፈሉት የማያንስ ርስት የትኛው ነው?
2. 12ቱ ድንጋዮች የቆሙት ስለ ምን ነው? በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ምልክት የትኛው ነው?
3. ከመንደራችሁ ሥፍራዎች ስሙን ወይም ታሪኩን አንድ ሽማግሌ ብቻ የሚያውቀው የትኛው ነው?
4. ወደዚያ ሥፍራ ከሽማግሌው ጋራ የምትሄዱት በየትኛው ቀን ነው?