አንድ ምስክር ብቻውን፦ የአሮጌ መኪና የነዳጅ ጌጅ ሲሳሳት እንዴት ይመረመራል?

በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ በማንም ላይ እንዳይፈረድ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ታዝዛለች። ይህ ሥርዓት ለችሎት ብቻ የተሰጠ ቢመስልም በደብራችን ግቢ ለቆመው አሮጌ መኪናም ይሠራል። በክሩስኮቱ ላይ ያለው የነዳጅ ጌጅ አንድ ምስክር ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት የንጹሕ ውኃ ፕሮጀክት አንድ አሮጌ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ነበረን። ሰልባትዮው ሞልቶ ከማደያ የወጣው መኪና በማግሥቱ ጠዋት ግማሽ ብቻ ሲያሳይ ሁለት ጊዜ አየሁ። የነዳጁ ኃላፊነት የእኔ ስለ ነበር፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሹፌር ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። ደብዳቤው ሳይወጣ የመኪና ኤሌክትሪሻን ተጠርቶ ቢመለከት፣ ከሰልባትዮው ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረው ሽቦ ዝጎና ላልቶ ተገኘ። ዝገቱ ተፍቆ ሽቦው ሲጠብቅ ጠቋሚው ወደ ሙሉ ተመለሰ፤ ናፍጣው አልጎደለም ነበር። ደብዳቤውን ቀደድሁት። ጥርጣሬዬ ግን አስቀድሞ ከጆሯቸው ደርሶ ነበርና ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ።

አሠራሩ

በሰልባትዮው ውስጥ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ዕቃ አለ። ነዳጁ ሲጨምር ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ እያለ በክንዱ ጫፍ ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ይለዋውጣል። ከጌጁ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በዚህ መቋቋሚያ አልፎ ወደ መኪናው ብረት ይገባል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሰልባትዮው ሲሞላ መቋቋሙ ጥቂት ኦም፣ ባዶ ሲሆን ግን መቶ ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ ዝገት መቋቋሙን ሲጨምር ጌጁ ካለው ነዳጅ አሳንሶ ያሳያል። በሌሎች አንዳንድ መኪኖች ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ በመሆኑ የመኪናውን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ምልክቶቹ

እንደ ቶዮታው ባለ መኪና የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ጠቋሚው ዘወትር ባዶ ላይ ከቀረ፣ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ስለ ገባበት ሰጥሟል።

ለ. ዘወትር ሙሉ ላይ ከቆመ፣ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቷል።

ሐ. በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ፣ መቋቋሚያው በዚያ ስፍራ አልቋል።

መ. የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ በአንድ ጊዜ ከተሳሳቱ፣ ጥፋቱ ለሁለቱ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል ወይም ከፊውዙ ይፈለጋል።

ሙከራው

መኪናው ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ በገላጣ ስፍራ ይቁም። ቁልፉ ተዘግቶ በሰልባትዮው ላይ ያለው የጌጅ ሽቦ ይነቀል። ቁልፉ ሲከፈት ጠቋሚው ባዶ ላይ መቅረት አለበት። ቁልፉ እንደገና ተዘግቶ የተነቀለው ሽቦ ከሰልባትዮው ራቅ ብሎ ከንጹሕ የመኪናው ብረት ጋር ይገናኝ፤ ከዚያም ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይከፈት። ጠቋሚው ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በሰልባትዮው ውስጥ ወይም ወደ ብረቱ በሚታሰረው ሽቦ ላይ ነው። ካልወጣ ሽቦው፣ ፊውዙና ጌጁ ይመርመሩ። ቁልፉ ክፍት እያለ ሽቦ ማነካካት ብልጭታ ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አይደረግ። ሰልባትዮ መክፈት፣ ይልቁንም የቤንዚን መኪና ሲሆን፣ ለባለሙያ ይተው።

ሁለተኛው ምስክር

ሁለተኛው ምስክር የጉዞ መዝገቡ ነው። ሰልባትዮው እስከ አፉ ይሞላና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ይመዝገብ። ከጉዞ በኋላ እንደገና እስከ አፉ ሲሞላ፣ የገባው ሊትር መኪናው የፈጀው ነው። ለምሳሌ 480 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 60 ሊትር ከወሰደ፣ በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይህ በተመሳሳይ መንገድ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋግሞ ውጤቱ ከተቀራረበ፣ ጌጁ የፈለገውን ቢያሳይ ነዳጁ በአግባቡ እየዋለ ነው። ውጤቱ ድንገት ከወረደ ግን አስቀድሞ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሞተር ጤና፣ የጎማ ንፋስ፣ የጭነቱ ክብደትና የመንገዱ ሁኔታ ይታዩ። ሰው የሚጠየቀው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ስለ ነዳጅ ጉድለት ከመወሰናቸው አስቀድሞ የጉዞ መዝገቡና የጌጁ ምርመራ ውጤት ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዙ ቢያደርጉ መልካም ነው። የነዳጁ ገንዘብ ከምእመናን መባ የተገኘ አደራ ስለሆነ ቁጥጥሩ ሊላላ አይገባም። ነገር ግን በዚያው መኪና የሚያገለግለው ሰው መልካም ስምም በእጃችን ያለ አደራ ነው።